አንድ ሚሊዮን አንድን ማን ያካፍለዋል?

ጥቅምት 4
ሁለት ቀሚስ አሳጠርኩ። የአንዱ ዚፕ እምቢ አለኝ፣ ነገ ይሁን። ባሌን አጥቤ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩት። ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንደበቱ ተይዟል። ይሰማል፣ ይገባዋል፣ በጭንቅላቱ አዎና አይ ይላል... በቃ።

የንግግር ሐኪሟ መጥታ ነበር። «የሚወዱትን ነገር ያሰሟቸው» አለችኝ። ምን ይወዳል? ከቁጥርና ከኔ ሌላ? እኔን ሲሰማኝ ከረመ፣ ምንም አልፈየደም። እንግዲህ ቁጥር ነው የቀረኝ።

ጥቅምት 5
ላግባሽ ያለኝ ቀን ትዝ አለኝ። አበባ የለ፣ ቀለበት የለ... የሒሳብ አስተማሪ ምን ያመጣል? «አንድ ሚሊዮን አንድ ብቸኛ ቁጥር ነው» አለኝ። «ከራሱና ከአንድ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። እኔና አንቺም እንደዚያ ነን።» ለካ የሞከረው እስከ አስራ ሦስት ብቻ ነው። ከዚያ ሠርጉ ደረሰ።

ካቆመበት ልቀጥልለት ብዬ፣ በልብስ ጠመኔ ጥቁር ጨርቅ ላይ ለአስራ ሰባት አካፈልኩለት። ጮክ ብዬ። ቀሪ አስር። አይካፈልም ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ዓይኑ ግን በራ።

ጥቅምት 9
አስራ ዘጠኝ፣ ቀሪ አስራ ሁለት። ሃያ ሦስት፣ ቀሪ ሰባት። ሃያ ዘጠኝ ላይ ተሳሳትኩ፤ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ። ተማሪዎቹን እንደዚህ ነበር የሚያደርጋቸው። ደስ ቢለኝ ሠላሳ አንድን ሆን ብዬ ተሳሳትኩ።

ጥቅምት 15
ቃል የለም። ሐኪሟ «ተስፋ አይቁረጡ» ስትል ድምጿ ዝቅ አለ። ምነው ባልሰማኋት። ከእንግዲህ ድምፁን ሳልሰማ ልኖር ነው? ናፈቀኝ። አጠገቤ ተቀምጦ ናፈቀኝ።

ጥቅምት 21
ዘጠና ሰባት፣ ቀሪ ሃያ ስምንት። ለዛሬ ይብቃ ብዬ ጨርቁን ሳራግፍ «መቶ... አንድ» የሚል ሰማሁ። ዞር አልኩ። እሱ ነው። ሌላ ማን አለ ቤት ውስጥ?

ጨርቁን መልሼ ዘርግቼ ለመቶ አንድ አካፈልኩ። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ። ቀሪ... ዜሮ። ደግሜ ሠራሁት። ዜሮ። አይካፈልም ያልነው ቁጥራችን ተካፈለ። ልሳቅ? ላልቅስ?

ጨርቁን አየ፣ እኔን አየ። ከከንፈሩ ጋር ብዙ ታገለ። «ተ... ተሳስቼ ነበር።»

በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ይህችን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 12
ዛሬ ተጨቃጨቅን። ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድስ ብቸኛ ነው ወይ? ለሰባት ሞከርኩ፣ ሦስት ተረፈ። «ነው» አልኩት።

«እስከ ዘጠና ሰባት... ሳትሞክሪ... ነው አይባልም።»

«አንተ ነህ ይህን የምትለኝ? ሳትጨርስ ሚስት ያገባኸው?»

«ያኔ... ቸኩዬ ነበር» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር።

ድምፃችን ከፍ ብሎ ኖሯል፤ የፎቋ ጎረቤታችን በሩን አንኳኳች። «ምነው፣ ደህና ናችሁ?»

«ከባሌ ጋር እየተጣላሁ ነው» አልኳት።

 ጥብቅ አድርጋ አቀፈችኝ።