ከቀየው የራቀ ሰው መሬት

ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ወንድሜ ለመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል
ቤተ ልሔም

የክረምቱ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እግርዎንስ ተሻለዎት? ባለቤቴ መልካሙም ልጆቹም ደኅና ናቸው። ስድስት ዓመት ሳልጽፍልዎ ቆይቼ ዛሬ ደፍሬአለሁና እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

አምና የሲማዳ ሰው ለክልሉ ምክር ቤት እንደመረጠኝ ሰምተው ይሆናል። ወገዳ የማስተምረውን ክፍል ለሌላ መምህር ሰጥቼ ነው የመጣሁ። ጉባኤው የሚቀመጠው ጥቂት ቀን ስለሆነ ሥራው ሁሉ በአንድ ሳምንት ይደፋብናል፤ ጠዋት በጀት፣ ከሰዓት ሪፖርት፣ በመካከሉ አዋጅ። ምሳ ስንበላ እንኳ ረቂቅ እያነበብን ነው። ደጅ ስወጣ ደግሞ ከአገር የመጣ ሽማግሌ ይይዘኝና ስለ መንገዱ ይጠይቀኛል።

ሰኞ የገጠር መሬት ረቂቅ ታደለን። ከቀበሌው አምስት ዓመት በላይ የራቀ ሰው መሬቱ ለሚያርሰው ይተላለፋል ይላል አንዱ አንቀጽ። ከአባታችን የደረሰዎትን የማዶውን መሬት መልካሙ እንደሚያርሰው ያውቃሉ። በስልክ ስነግረው፣ እንግዲህ ማንም አይጠይቀንም ብሎ ደስ አለው። አይፍረዱበት፤ አሥራ አንድ ክረምት ደክሞበታል። እኔም ዝም ብዬ እጄን ማውጣት ብቻ ነበር የሚቀረኝ።

አጠገቤ የሚቀመጡት የእስቴው ጨርቅ ነጋዴ አቶ ጁነይዲ ናቸው፤ እንደ አባት ይመክሩኛል። አንቀጹን ባሳያቸው፣ የእነሱም ደረሳዎች፣ የመስጊድ ተማሪዎቹ፣ ኪታብ ፍለጋ ወሎ ወርደው ሰባት ስምንት ዓመት እንደሚቆዩ ነገሩኝ። ተናገሪ፣ እኔ እከተልሻለሁ አሉኝ።

ረቡዕ ሦስት ደቂቃ ተሰጠኝ። ለትምህርት የወጣ ሰው መሬቱን እንደተወ አይቆጠር አልሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሁሉም ተማሪ ነኝ ቢል በምን እንለያለን ብለው መለሱልኝ። አዳራሹም ከእሳቸው ጋር ሆነ። ያን ጊዜ ያላሰብሁት ቃል ከአፌ ወጣ።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የወንድሜን መሬት ይዤ ያለሁት እኔ ነኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት የመሬት ልኬታ ሰዎች ወንድምሽ የት ነው ቢሉኝ አላውቅም አልኋቸው። አውቅ ነበር። ድጓ ሊማር ወጥቶ የሁለት ቀን መንገድ ላይ ነበር። መምህሩን የጠየቀ ቢኖር ይመሰክሩለት ነበር። ሕጉ መምህሩን ይጠይቅ።»

መሬቱ በአደራ ተብሎ በስሜ የተጻፈው በዚያ ቃል ነው፤ እርስዎም ወሬው ደርሶዎት እንደቀሩብን አውቃለሁ።

አቶ ጁነይዲ ተነሥተው የደረሳዎቹን ነገር ጨመሩ። አንቀጹ ወደ ኮሚቴ ተመለሰ። ዓርብ ተስተካክሎ መጣ፦ ለትምህርት የራቀ ሰው መምህሩ ካረጋገጠለት ይዞታው ይጠበቅለታል። አሥራ አንድ ሰው ተቃወመ፣ ሌላው እጁን አወጣ። በራሷ ኃጢአት ስም አተረፈች ያሉም አሉ፤ እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እጆቹን ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ።

መልካሙ የረቡዑን ንግግሬን ሰምቶ ሁለት ቀን ስልኬን አላነሣም። ትናንት ራሱ ደወለ። ስለ ልጆቹና ስለ ዝናቡ ካወራኝ በኋላ፣ «የወንድምሽን መሬት ለጤፍ አለስልሼዋለሁ። ልዝራው ወይስ ልተወው? ጠይቂልኝ» አለኝ። እስካሁን መሬታችን ሲል የኖረ ሰው ነው።

ደብተሩ ወደ ስምዎ እንዲዞር ቀበሌው ፊርማዎን ይፈልጋል፤ እኔም ለልኬታ ሰዎች የሰጠሁትን ቃል ላርም ሰኞ ወገዳ እገባለሁ። ማኅሌት ሲቆሙ የእኔንም ስም ያንሡልኝ። የቤተ ልሔም እመቤት እግርዎን ታጽናልን።

ለመልካሙ ግን መልሱን በወረቀት አይላኩለት። ጤፉ የሚዘራበት ጊዜ ሳያልፍ መጥተው ራስዎ ይንገሩት።

እህትዎ
አመተ ማርያም