ሁለት ባትሪ ስለቀረለት የክትባት ፍሪጅ

ለተከበሩ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ አዲሱ የስብሰባ አዳራሽዎ መብራት የደመቀ እንዲሆን፣ ቤተሰብዎም ደኅና እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከወረዳው ከተማ ከወገዳ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ከምትርቀው ጤና ኬላ ይህን ምስጋና በአደባባይ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ጤና ኬላችን አራት ባለ አሥራ ሁለት ቮልት የሶላር ባትሪዎች ነበሯት። ሁለት ሁለቱ፣ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ተቀጥሎ፣ ፍሪጁ የሚፈልገውን ሃያ አራት ቮልት ይሰጡ ነበር፤ ሁለቱ ጥንዶች ጎን ለጎን መያያዛቸው ደግሞ ቮልቱን ሳይጨምር የሚሠሩበትን ሰዓት እጥፍ ያደርገው ነበር። በሰኔ የላኩልን ባለሙያ አቶ ጌታነህ ሁለቱን ለአዳራሽዎ ስለወሰዱልን፣ የቀሩትንም ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ አስረው ስለሄዱ እናመሰግናለን። እንዲህ የታሰሩ ባትሪዎች ረጅም ሰዓት ይቆያሉ፤ የሚሰጡት ግን አሥራ ሁለት ቮልት ብቻ ነው። ፍሪጁ አልተነሳም። ክትባቱ ተበላሸ።

፪ኛ፦ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩልዎ። መልሱ በትዕግሥት የሚጠበቅ ስለሆነ ጠበቅሁ።

፫ኛ፦ በሐምሌ መጀመሪያ ሽቦውን ራሴ ፈትቼ ሁለቱን ባትሪዎች እንደ ቀድሞው የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ቀጠልኳቸው። ሃያ አራት ቮልት ሆነ፤ ፍሪጁም ተነሳ። ከወገዳ በበረዶ ሣጥን አዲስ ክትባት አመጣሁ። ነገር ግን የተጠራቀመው ኃይል የቀድሞው ግማሽ ነበርና፣ ሰማዩ በደመና በተዘጋባቸው ሁለት ቀናት ፍሪጁ ጠፍቶ ዋለ። በብልቃጦቹ ላይ ያለው፣ ክትባቱ በሙቀት ሲበላሽ የሚጠቁረው ምልክት ጠቆረ። አንድ በአንድ ቆጥሬ ጣልኳቸው።

፬ኛ፦ ወይዘሮ ሰብለ የዘጠኝ ወር ልጇን ፍቅርን አዝላ ለኩፍኝ ክትባት ሦስት ጊዜ ጭቃውን አቋርጣ መጥታለች። በሦስተኛው ጊዜ፣ «እኅቴ፣ መቼ ልመለስ?» አለችኝ። ሰኞ አልኳት። ለምን ሰኞ እንዳልኳት አላውቅም። ሰኞ አልመጣችም። በነሐሴ ኩፍኝ መንደሩን ሲያዳርስ ልጅቷ በታመመች በስድስተኛው ቀን አረፈች። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ሰብለ ስለመጣሁ አመሰገነችኝ። አላለቀስኩም፤ ተመልሼ የወሩን ሪፖርት ሞላሁ።

የቢሮዎ በር ለባለጉዳይ ሁሉ ክፍት መሆኑን በተዘጋው በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ያነበብኩ፣

ትሑት ታዛዥዎ፣
አስካለ ተክለ ማርያም
የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ የመንግሥት ሽቦ ያለፈቃድ በመንካቴ የጻፉልኝ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ በሁለት ቀን ውስጥ ደርሶኛል፤ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ።