ድንቡሼ ለፊሽካ ስላለመታዘዟ፣ ለክቡር የመናፈሻ ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የመናፈሻዎችና የቤት እንስሳት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረው ጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎም፣ ጉልበትዎም፣ በየስብሰባው የሚደክመው ጉሮሮዎም ደህና ይሁን፤ ባለቤትዎና ልጆችዎም ሰላም ይሁኑልኝ። የውሻዎን የጄኔራልን ጤና አልጠየቅሁም። ረስቼው አይደለም፤ ምክንያቱን ከደብዳቤዬ መጨረሻ ላይ ያገኙታል።

እኔ ከመናፈሻው ዋና በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ቤት የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ስለሆነ፣ እርስዎ በሪፖርት የሚያዩትን መናፈሻ እኔ ክር በቀየርኩ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ። ለውሾቹ ምረቃ ቀን የለበሱትን ሰማያዊ ሱሪ ያሳጠርኩትም እኔ ነኝ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድንቡሼ የምትባለው የአባቴ ውሻ ያለ ገመድ ከአባቴ ጎን እየሄደች መናፈሻው እንድትገባ ይፈቀድላት። ነገር ግን ከልመና ምስጋና ይቀድማልና፣ ጽሕፈት ቤትዎ ውሾች ያለ ገመድ ጨዋ ሆነው እንዲሄዱ ለማሠልጠን ላሳየው ትጋት ያለኝን ምስጋና በቅድሚያ ላቅርብ። ስለበዛብኝ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

፩፦ ስለ ቢጫው ቀበቶ አመሰግናለሁ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሥልጠናውን ወስዶ ፈተናውን ያለፈ ውሻ አንገቱ ላይ ቢጫ ቀበቶ አስሮ መናፈሻው ውስጥ እንደ ልቡ ይሄዳል፣ ያላለፈ ግን ገመዱ በባለቤቱ እጅ ካልተያዘ ከበሩ አያልፍም። እውነት ለመናገር ሕጉ የተለጠፈ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። አንዲት ደንበኛዬ የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ ከቤቴ ሳትርቅ ውሻ አባሯት፣ አጥር ላይ ስትንጠላጠል ከጉልበቷ እስከ ወገቧ ተርትራዋለች፤ ስለዚህ የሚያስብልን ሰው አለ ማለት ነው ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን ቢጫ ቀበቶ የወሰደው የእርስዎ ጄኔራል መሆኑም አልከፋኝም። ጄኔራል ፈተናውን ሲፈተን ያየ ሰው ባይኖርም፣ ቀበቶውን ሲቀበል ግን ሁላችንም አይተናል። ፎቶግራፉ እስካሁን በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እርስዎ ፈገግ ብለዋል፣ ጄኔራል የአሠልጣኙን ኪስ ያያል።

፪፦ ስለ ፊሽካው ምን ብዬ ላመስግን! ያስመጡልን አሠልጣኝ ዘመናዊ ሰው ነበር። የሰፈሩን ውሾች ሰብስቦ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ፊሽካ አሠለጠናቸው፤ ሲነፋ የመጣ ውሻ ከአሠልጣኙ ጃኬት ኪስ ቁራሽ ጉበት ይቀበላል። ባለቤቶቹ ሥልጠናውን እንዳያበላሹ ራቅ ብለው ቆመው እንዲያዩ ብቻ ተፈቀደላቸው። ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣችው አዋላጅ፣ ታዲያ ቤት ስንገባ ማንን ነው የሚታዘዙት ብላ ብትጠይቅ፣ ጥያቄዋ በመመሪያው ስላልተካተተ ታለፈ።

በምረቃው ቀን እርስዎ ንግግር ያደርጋሉ፤ ባለ ቢጫ ቀበቶዎቹ ያለ ገመድ ተሰልፈው ቁጭ ብለዋል። እንዴት ያምሩ ነበር! ከአጥሩ ወዲያ የኳስ ሜዳ እንዳለ ግን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ዳኛው ለአንዲት ጥፋት ፊሽካውን ነፋ። «ሥነ ሥርዓት» የሚለው ቃል ገና ከአፍዎ ሳያልቅ ተመራቂዎቹ በሙሉ አጥሩን ዘለው ሜዳ ገቡ። በረኛው የጎሉ አግዳሚ ላይ ተንጠለጠለ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ከፍ ብሎ ዘሎ አያውቅም ይላሉ የኳስ ቡድኑ አሠልጣኝ ራሳቸው። ዳኛው ደግሞ ነፍሱ ልትወጣ ደርሳ፣ የሚሸሹለት መስሎት ደጋግሞ ነፋ። ሲነፋ ይመጣሉ፣ ሲመጡ ይነፋል። በመጨረሻ ሁሉም ከበውት ቁጭ አሉ፤ አንዴም ሳይጮኹ፣ ኪሱን እያዩ። የጽሕፈት ቤትዎ ሪፖርት «የተጠሩት ውሾች በሙሉ መጥተዋል» ይላል፤ እኔም በመስኮቴ አይቻለሁና ሐሰት እንደሌለበት እመሰክራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ዳኛው የሚያጫውተው በማጨብጨብ ነው። የአደባባዩ ትራፊክ ፖሊስም ፊሽካዋን ኪሷ ከትታ በእጇ ብቻ ታስተናግዳለች፤ በነፋች ቁጥር አንድ ሁለት ባለ ቢጫ ቀበቶ በመኪና መሐል አቋርጦ እግሯ ሥር ይቀመጥባት ነበርና።

፫፦ በስሜ ተጽፎ የደረሰኝን ማስጠንቀቂያም በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። ማንቆርቆሪያዬ ውሃ ሲፈላ ያፏጫል። ከእናቴ የወረስኩት ነው፤ በዚህ ዕድሜው ሌላ ጠባይ አይማርም። ባፏጨ ቁጥር ውሾች ከደጃፌ ተሰልፈው ይቀመጡ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ደንበኛ ወረፋ መስሎት ከኋላቸው የቆመበት ቀን አለ። ማስጠንቀቂያው «ያለ ፈቃድ ውሾችን በመጥራት» ይለኛል። ስለዚህ ውሃዬን አሁን ክዳኑን ከፍቼ አፈላለሁ። ሻዩ ቀዝቀዝ፣ ቤቱ በእንፋሎት ሙቅ ሆኗል፤ ለሕግ መከበር ይህም ያንሳል።

፬፦ ስለ ጉበቱ ማለቅ። አሠልጣኙ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ጉበቱም አብሮት ተዛወረ። ፊሽካውን የወረሰው የበሩ ጥበቃ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ግን ከቁልፍና ከመሐረብ በቀር ምንም የለም። ውሾቹ መጀመሪያ ሰሞን መጥተው ኪሱን አሸተቱለት፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንጂ በተነፋበት አይሮጥም፤ ይህን ለመረዳት መመሪያ አያስፈልግም ነበር። አሁን ባለ ቢጫ ቀበቶዎቹ ብስክሌተኛ ያባርራሉ፣ ከሕፃን እጅ ዳቦ ይነጥቃሉ፣ አበባ ይቆፍራሉ። ጥበቃው ዱላውን አንሥቶ ሲያሳድዳቸው ቀበቶውን ያይና ዱላውን ዝቅ ያደርጋል፤ ፈቃድ አላቸውና።

አምስተኛውን በቁጥር መጻፍ አልሆነልኝም፤ የአባቴ ጉዳይ ነው።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አይጨብጥም፤ ግራው ከዘራ ይዟል። በቀኝ በኩል የሚመጣውንም ደህና አድርገው አያዩም። ክቡር ኃላፊ፣ ገመድ የሚይዙበት የተረፈ እጅ የላቸውም። ሐኪሙ በየቀኑ ካልተራመዱ የቀረውም እግር ይሰንፋል ብሎናል። እኔ ልደግፍዎ ስላቸው፣ መንጃ ፈቃዴን ነው የነጠቁኝ፣ እግሬን ማን ነጠቀኝ ብለው ይቆጡኛል። ድንቡሼን ግን ተቆጥተዋት አያውቁም።

ድንቡሼን ማንም አላሠለጠናትም። ቡችላ ሳለች እንደ ኳስ ድቡልቡል ነበረች፤ ስሙ ያኔ ወጣላት፣ አሁን ከእኔ ትቀጥናለች። አባቴ ጠዋትም ማታም እያወሯት፣ እሷም ፊት ፊታቸውን እያየች፣ ሁለቱ በአውቶቡስ ቋንቋ ተግባቡ። «ፌርማታ» ሲሏት ካለችበት ቀጥ ትላለች። «ሳበው» ሲሏት ትነሣለች። በቀኝ በኩል ብስክሌት ሲመጣ ደግሞ ማንም ሳይነግራት እግራቸው ፊት ትቆማለች፤ እሳቸውም ይቆማሉ። እንዲህ እያሉ እያዘገሙ ከኩሬው ዳር ካለው ወንበር ይደርሱ ነበር። እዚያ ድሮ አብሯቸው ይሠራ የነበረው ትኬት ቆራጭ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። እሱም ጉልበቱ አልቋል፣ ከዚያ አልፎ እኛ ቤት መድረስ አይችልም። ሁለቱ ተቀምጠው አንድ ዝናባማ ቀን አውቶቡሱ ገበያ መሐል የቆመው በማን ጥፋት እንደሆነ ይከራከራሉ፤ እስካሁን አልተፈረደም። አባቴ ድምፅ አውጥተው የሚስቁት እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነው።

በፈተናው ቀን አሠልጣኙ ራሱ ፈታኝ ሆኖ ፊሽካውን ነፋ። ድንቡሼ ቀና ብላ አባቴን አየች፤ አልተንቀሳቀሰችም። ደግሞ ነፋ። አባቴ አዝነውለት «ሳበው» አሏት፤ ሄደች፣ ጉበቱን ተቀበለች (ሞኝ አይደለችም)፣ ወዲያው ተመልሳ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። ውጤቷ «አትታዘዝም» ሆነ። አባቴ ቃሎቻቸውን ሊያስረዱ ቢሞክሩ «ፌርማታ» በመመሪያው የለም ተባሉ። ዳግም ትፈተንልን ብለን ስናመለክት ደግሞ አሠልጣኙ ካልፈረመ አይሆንም አሉን፤ አሠልጣኙ እንደሚያውቁት ከጉበቱ ጋር ሄዷል።

የበሩ ጥበቃ ርኅሩኅ ሰው ነውና መላ ዘየደልን፤ የድንቡሼን ገመድ ከአባቴ ወገብ ላይ አሰረው። መንገዱን አጋምሰው ሳለ አንድ ባለ ቢጫ ቀበቶ ከቁጥቋጦው ወጥቶ እየበረረ መጣባቸው። ጄኔራል ነበር። ክፋት አልነበረበትም፣ ከድንቡሼ ጋር ሊጫወት ነው። ሲዞራቸው ገመዱ በአባቴ እግር ተጠመጠመ፤ በጉልበታቸው ወደቁ። መቀሴን ጥዬ ስደርስ ድንቡሼ ከጎናቸው ቀጥ ብላ ቆማለች፤ አባቴ ወድቀውም «ፌርማታ» ይሏት ነበር፣ እንዳትጎትታቸው። ጄኔራል ደግሞ ከዘራቸውን በአፉ ይዞ ሲሮጥ ከሩቅ አየሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጠው የመናፈሻውን በር ያያሉ። ትኬት ቆራጩ በሰው በሰው ሰላምታ ይልካል፤ አባቴም ጥፋቱ ያንተ ነው በሉልኝ ብለው ይመልሳሉ። እግራቸው በየሳምንቱ እየሰነፈ ነው፤ እኔ ልብስ ለካሁ እያልኩ የእሳቸውን እርምጃ እለካለሁ። ልቤ ይቃጠላል፣ ክቡር ኃላፊ። ይህን በጨዋ አማርኛ የምጽፍበት ዘዴ ፈልጌ አጣሁ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት እዚህ ላይ ልጠቅስ አስቤ ለክብርዎ ስል ተውኩት። ይልቅ ይህን ብቻ እለምናለሁ። ፊሽካ ያልያዘ፣ ኪሱም ባዶ የሆነ አንድ ሰው ይላኩልን። አባቴ ይጥሯት፤ ብትመጣ ብትቆም ይይ። አንዲት ቃል ከተላለፈች እኔው ራሴ አስሬ አስቀምጣታለሁ፤ ገመዱንም በዚሁ መኪና ደርቤ እሰፋዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለማንበብ የከበረ ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ መመሪያዎ እንደ ሱሪዎ ከሰው ቁመት ጋር የሚስተካከልበትን ቀን በትዕግሥት የምጠብቅ፣

ከበሩ ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ፣
የሹፌሩ ልጅ

ማስታወሻ፦ የጄኔራልን ጤና ያልጠየቅሁት ደህና መሆኑን ስለማውቅ ነው። እኛ ቤት ነው ያለው። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት መናፈሻውን ፊሽካ እየነፉ ሲዞሩ አይቼ አንጀቴን በልተውኛል፤ ጄኔራልም ከጎኔ ሆኖ በመስኮቱ ያይዎታል። የመጣው ክዳኑን መክፈት ረስቼ ማንቆርቆሪያዬ ያፏጨ ቀን ነው፤ ሌሎቹ ፊሽካ ቢንቁም እሱ ከጉበቱ ተስፋ አልቆረጠም ነበር፤ ጥፋቴን አምናለሁ። ወዲያው ለበሩ ጥበቃ ሳመለክት፣ ባለ ቢጫ ቀበቶ ውሻ ያለ ገመድ የመሄድ ፈቃድ ስላለው እንደ ጠፋ አይቆጠርም አለኝ። ለእርስዎ እንዲነግርልኝ ብጠይቀው በጽሑፍ ይሁን አለ፤ ይኸው ጻፍኩ። አባቴ ቂም አልያዙበትም። አብረው ሲውሉ ያወሩታል፤ ጉበት የሚባል ነገር በቤታችን ሳይገባ «ፌርማታ»ን ተምሯል። «ሳበው» ካላሉት ግን በሩ ተከፍቶ እንኳ ደጃፍ አያልፍም። እባክዎ «ሳበው» ይበሉትና ይሂድ ብላቸው፣ እንግዳ የምሸኘው ከኩሬው ዳር ወንበር ነው፣ ቆራጩም ሊሰናበተው ይገባል ብለውኛል። እዚያ ለመድረስ ምን እንደሚያስፈልጋቸው ከላይ ጽፌልዎታለሁ። ሲመጡ ፊሽካውን ቤትዎ ይተዉት። ገመድ ግን እንዳይረሱ፤ ጄኔራል ያለ ገመድ ከእርስዎ ጋር የሚሄድ አይመስለኝም።