የእሷ ቀኝ፣ የእኔ ግራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
አለቃችን አንድ የእንግሊዝኛ አባባል አሳትሞ ከመስታወት መቁረጫው ማሽን በላይ ለጥፏል። "ሰይጣኑ ያለው ጥቃቅኑ ነገር ውስጥ ነው" እንደማለት ነው። ለጥፎ ዞር ሲል የጋዋኔን ቁልፍ አየ።
"አልቆለፍሽም። ሰይጣኑ እዚህች ጋ ነው።"
ስምንት ዓመት መነጽር ስሠራ የኖርኩ ሴት በቁልፍ ልመከር? ደሜ ፈላ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ወንድሜ እንግሊዝኛ ያስተምር የለ፣ ትርጉሙን ጠየቅኩት።
"ከሩቅ ቀላል የሚመስል ሥራ፣ ቀርበሽ ስትነኪው ጣጣው ከትንሿ ነገር ይወጣል ነው። ውል ሲፈርሙ፣ ቤት ሲያሠሩ ይሉታል።"
"ለቁልፍስ?"
ሳቀ። "እሱማ መነዝነዣ አደረገው።"
እኔስ ምን አልኩ...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ከሦስት ሳምንት በፊት መነጽር የሠራሁላት የአሥር ዓመት ልጅ እናት መጣች። ልጅቷን ራሷን ያማታል፣ ሰሌዳው አይታያትም። አስተማሪዋ ሰነፍ ናት ብላ ሰኞ አንድ ክፍል ዝቅ ልታደርጋት ነው። እናትየዋም "ሰበብ ታበዣለሽ ብዬ ገረፍኳት" አለች።
አለቃ ምን ቢላት ጥሩ ነው? "ትለምደዋለች፣ እናቴ።"
ለቁልፍ ሰይጣን የሚታየው ሰው፣ ለልጅ ዓይን ሲሆን ታወረ? እንደገና ትለካ አልኩት። "ካርዱ ላይ ያለው ልክ ነው፣ አታካብጂ።"

አርብ፣ ጥቅምት 8
ላሳፍረው ብዬ የዓይኗ ልክ የተጻፈበትን የልጅቷን ካርድ አወጣሁ።
ጽሑፉ የእኔ ነው።
ስለካት ፊት ለፊቷ ነበር የተቀመጥኩት። ፊት ለፊት ሲቀመጡ የእሷ ቀኝ ለእኔ በግራ ነው። ለጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የምናገረው ነገር! በራሴ በኩል ጻፍኩት... የቀኟ መስታወት ግራዋ ላይ፣ የግራዋ ቀኟ ላይ። ሦስት ሳምንት ሙሉ።
አለቃን አልማርኩትም፣ "ትለምደዋለች" ያለው እሱ ነው። ግን ስንጨረጨር የከረምኩት በማን ላይ ነበር?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
መስታወቶቹን እንደ አዲስ ቆረጥኩ። አለቃ "ማሽኑ ነው ያጠፋው በያት" አለኝ። አልልም አልኩ። ቤታቸው ድረስ ሄድኩ።
"አንቺ ሰነፍ አይደለሽም" አልኳት ልጅቷን። "ያምታታሁት እኔ ነኝ።"
መነጽሩን አደረገች። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ቁጥር በቁጥር አነበበች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።
"ታዲያ ለምን ገረፍሽኝ?"


ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ከሥራ ቀርቼ አብሬያቸው ትምህርት ቤት ሄድኩ። አለቃ የፈለገውን ያድርግ። አስተማሪዋን በተማሪዎቹ ፊት ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ ቀረች፣ ዝቅ አትልም።
ከሰዓት ልንወስዳት ስንመለስ እናቷ እጇን ዘረጋችላት። ልጅቷ አልፋት መጣችና የእኔን ያዘች። የእኔን፣ የአጥፊዋን። ልለቃት ፈለግኩ፣ አልቻልኩም።