የሸራ ሰፊዋና የጀልባ አሰልጣኟ የእማማ መርፌ የሕይወት ታሪክ

በጀልባ ክበቡ ትልቁም ትንሹም “እማማ መርፌ” ሲሉ የሚጠሯቸው እኅታችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ሚያዝያ 9 ቀን 1947 ዓ.ም. ከሐይቁ አሥር ደቂቃ በእግር በምታስኬድ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። እናታቸው ውሃ አጥብቀው ይፈሩ ስለነበር፣ ይህን የሚጽፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ጨምሮ የቤቱ ልጆች በሙሉ ሐይቁን የሚያውቁት ከሩቅ ነበር። ጠጋ ያለ ልጅ ዱላ ይጠብቀዋል።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ አባታቸው በመታመማቸው በ1963 ዓ.ም. ድንኳን ሰፊ ቤት ተቀጠሩ። እጃቸው ወርቅ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ከመኪና ጠጋኝ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1974 ዓ.ም. ክበቡ የተቀደደ ሸራ እንዲጠግኑለት ጠራቸው። ለሁለት ቀን ብለው ገብተው አርባ ዓመት ቆዩ። የስፌት ክፍላቸው ከጀልባ ማስቀመጫው ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ነበረች፤ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ አንድ የእግር መኪና፣ ወደ ውሃው የሚያሳይ አንድ መስኮት። በዚያ መስኮት ሆነው፣ የትኛው ልጅ ሸራውን አላግባብ እንዳጠበቀ ከአወዛወዙ ብቻ ለይተው ይናገሩ ነበር። በ1981 ዓ.ም. አሰልጣኙ በድንገት ሥራ ለቀው ሲሄዱ አሥራ አራት ተወዳዳሪ ልጆች ተደፍተው በተቀመጡት ጀልባዎች ላይ ተኮልኩለው ዋሉ። እማማ መርፌም “ሌላ ሰው እስኪገኝ ላግዝ” ብለው ወጡ። ሌላ ሰውም አልተፈለገም።

አሠራራቸው የራሳቸው ነበር። የጀልባውን ሸራ በገዛ እጁ ያልጠገነ ልጅ ውድድር አይገባም፤ ስፌቱ ካላማራቸውም ያስፈቱታል። ቸኩሎ የሚያበላሸውን “ኧረ ቀስ! ነፋሱን ማን ይወስድብሃል?” ይሉታል። ከሞተር ጀልባ ላይ ሲያሰለጥኑ ሁልጊዜ ሁለት የመንሳፈፊያ ሰደርያ ደርበው ይለብሱ ነበር። ልጆቹም፣ እኛም፣ ብርድ አይችሉም ብለን አለፍነው።

በ1994 ዓ.ም. ታዲያ ጉድ ፈላ። ማንኛውም የልጆች አሰልጣኝ ያለ ሰደርያ ሁለት መቶ ሜትር ዋኝቶ ካላሳየ ሥልጠናው ይዘጋል የሚል መመሪያ መጣ። የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። የክበቡ ኮሚቴ ነገሩን እንደ ቀላል አይቶ ሊያልፈው ሲል፣ እማማ መርፌ ተነሥተው ዋና ጭራሽ እንደማያውቁ ተናገሩ። ለአሥራ ሦስት ዓመት! ባለቤታቸው ማታ ሲሰሙ “አንቺ ሴትዮ፣ በቁሜ ልትገድይኝ ነው?” አሉ።

የሚተካቸው ሰው ተፈልጎ ጠፋ። ልጆቹ መበተናቸው ነው ብለው ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ያጡት እኅታችን፣ በአርባ ሰባት ዓመታቸው ዋና ለመማር ቆረጡ። አስተማሪያቸው ከራሳቸው ሠልጣኞች አንዷ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አንዱን ሸራ ሦስት ጊዜ ያስፈቷት ያችው ልጅ። እሷም አልማረቻቸውም። በተንፈራገጡ ቁጥር “እማማ፣ ኧረ ቀስ! ውሃውን ማን ይወስድብዎታል?” ትላቸው ነበር። እናታቸው ያስያዟቸው ፍርሃት እንዲህ በዋዛ አልለቀቃቸውም፤ የመጀመሪያውን ወር ከወገባቸው በላይ አልገቡም።

በፈተናው ቀን ሁለት መቶውን ሜትር በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ጨረሱ። መመሪያው የሰዓት ገደብ አልነበረውምና ፈታኙ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ሰዓታቸውን ደጋግመው አይተው፣ በመጨረሻ ፈረሙ። እማማ መርፌ ከውሃው ወጥተው ልጆቹን አቅፈው አለቀሱ። በደስታ ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሦስት መቶ በላይ ልጆች አሰልጥነዋል። ያች ዋና ያስተማረቻቸው ልጅም ዛሬ የክበቡ ዋና አሰልጣኝ ናት።

በ2014 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ምክንያት ሥራቸውን አቆሙ። ሐኪም ቤት የሚጠይቃቸውን ሁሉ ስለ ልጆቹ ይጠይቁት ነበር። በመጨረሻው ሳምንት አሰልጣኟን አስጠርተው “በእኔ ሰበብ አንድ ቀን ልምምድ ብታስቀሪ አልፋታሽም” አሏት። ሐሙስ ታኅሣሥ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ሦስት ታናናሾቻቸው ሐዘን ላይ ተቀምጠዋል።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለእኛም ብርታቱን ይስጠን።

የቀብሩ ሰዓት ለምን ከጠዋት ወደ ከሰዓት እንደተዛወረ ለጠየቃችሁን፣ ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ አለ። እነዚያ ከኋላ የቆሙት፣ ፀጉራቸው ገና ያልደረቀው፣ ልጆቻቸው ናቸው።