ካቻቢቴው ለሙሉቀን፣ ብሎኖቹ ለልዕልት

ዛሬ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ ጎንደር ቁስቋም በሚገኘው ቤቴ፣ እኔ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ አለነ ካሣዬ፣ በአራት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ቃሌን አስጽፋለሁ። እግሬ ቢከዳኝም አእምሮዬ አልከዳኝም። የሚጠራጠር ካለ የላፕቶፔን ዐሥራ አንድ ብሎኖች ከነቀዳዳቸው በቃሌ ልጥራለት።

ቤቱን ልጆቼ ልዕልትና ሙሉቀን እኩል ይካፈሉ። አምባ ጊዮርጊስ ያለችው ላም ላሳደገቻት ለእህቴ ለየትነበርሽ ትሁን፤ እኔ ስም ከማውጣት በቀር አልደከምኩባትም። እህቴ ኪቦርዴ ላይ ጠላ ማፍሰሷንም ይቅር ብያታለሁ።

ሙሉቀን የገዛልኝ ቀጭን ኮምፒውተር ለራሱ ይመለስለት። ሲያዩት ሸጋ ነው። ባትሪው ሲያብጥ ግን ጠጋኙ ኪሩ «ጋሼ፣ በሙጫ የተለጠፈ ነው፤ ከከፈትኩት አይገጥምም» አለኝ። ታሞ ሆዱን የማያሳይ ዕቃ አልወድም።

አሮጌው ላፕቶፔ ዐሥራ አራት ዓመት አገልግሎኛል። ባትሪውን ሁለት ጊዜ ቀይሬለታለሁ፣ ሚሞሪ ጨምሬለታለሁ። እኔንም እንዲሁ የሚፈታኝ ሐኪም ባገኝ ይህን ጉዳይ በረጅም ቀጠሮ ባስተላለፍኩት ነበር። በሃርድ ዲስኩ ውስጥ የነፍስ ኄር ባለቤቴ የታየች ድምፅ አለ። ማይክሮፎኑን ቀይሬ ስሞክር ሳታውቅ የተቀዳች ናት፤ «ምነው አያ አለነ! ይኸን ስትበልት ከምትውል የአጥሩን በር ብታበጅ ምናለ!» ትላለች። በሩ እስከ ዛሬ አልተበጀም። እኔም በየቀኑ እሰማታለሁ፤ በጣም ትናፍቀኛለች።

ልጆቼ በእናታቸው ተዝካር በድንኳን ኪራይ ተጣልተው ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። ላፕቶፑን ግን ሁለቱም ለየብቻ ለምነውኛል። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩና ካቻቢቴው ለሙሉቀን፣ የቀረው አካሉ፣ ብሎኖቹና የይለፍ ቃሉ ለልዕልት እንዲሆን ወስኛለሁ።

እዚህ ላይ የንስሐ አባቴ መምሬ ፍቅረ ማርያም «አያ አለነ፣ ዕቃውን ገደልኸው እኮ!» ብለው ተቃወሙ። «አልሞተም አባቴ፤ ሁለቱ ልጆቼ ሩብ ሰዓት አብረው ከተቀመጡ ይነሣል» ብያቸዋለሁ። ብሎን ጠፋ ብለው እንዳይካሰሱም ሁለት ትርፍ በእርሳቸው እጅ አኑሬያለሁ።

ሲነሣ የእናታቸውን ድምፅ አብረው ይስሙ። ከዚያም ወጥተው የአጥሩን በር ያብጁላት።

ተነቦልኝ ቃሌ ስለሆነ ፈርሜያለሁ፤ አለነ ካሣዬ።

ምስክሮች፦
መምሬ ፍቅረ ማርያም፤ ብሎኖቹን ተረክቤያለሁ።
ወ/ሮ እታገኘሁ፣ ጎረቤት፤ በጣት አሻራ።
አቶ ሰውአገኝ፣ ጎረቤት፤ በሩ መሰበሩን አውቃለሁ።
ኪሩ፣ ጠጋኝ፤ የሙጫው ነገር እውነት ነው።