አጥፋልኝ ያልኩት መብራት

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14
የመኪናዋ የኤርባግ መብራት በርቷል። ቀይ ነው፤ ኳስ ያቀፈ ሰው ይመስላል። ባለቤቴን ፊርደውስን ለክትትል ጤና ጣቢያ ሳደርስ እሷ ናት ያየችው። ምንድን ነው አለችኝ። እንጃ አልኩ።
ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። መንታ ነው። ያለፈውን በኦፕራሲዮን ስለወለደች ደሴ ሂዱ ተብለናል፤ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ቀጠሮዋ ጥር 4።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16
ስልኬ ላይ አነበብኩ። መብራቱ በርቶ ከቀረ፣ ግጭት ቢደርስ ኤርባጉ፣ ተነፍቶ ሰው የሚያተርፈው ከረጢት፣ ላይከፈት ይችላል። ምክንያቱን የሚያውቀው የምርመራ ኮምፒውተር ነው። እሱ ያለው ደሴ። ለማስመርመርም ደሴ፣ ለመውለድም ደሴ... በዚያችው መኪና።
ፊርደውስ ከኋላ ስትቀመጥ ያስመልሳታል። ባለፈው በሚኒባስ መንገድ ላይ ካለችው አቀስታ እንኳ ሳንደርስ ነው የወረደችው። ስለዚህ ፊት ነው የምትቀመጠው። ልክ ኤርባጉ ፊት...

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17
መኪናዋን መካኒኩ ምስክር ጋ አደረስኳት። ቢሮ ረፍዶብኝ ስለነበር ቁልፉን ሰጥቼው፣ ይችን መብራት አጥፋልኝ ብዬ ሮጥኩ። "አብሽር ጋሼ ጀብሪል" አለኝ። ከሰዓት ስመለስ ጠፍቷል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19
አማቴ እቴቴ ከከላላ መጡ። ልጃቸውን ሊጠብቁ። የመብራቱን ነገር ፊርደውስ ነገረቻቸው። መኪናውም እንደ ባለቤቱ አኩርፎ ነው እንጂ ምን ይሆናል አሉ። አሳቁን። ከዚያ ዱዓ አደረጉልን።
ፊርደውስ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች። ከስንት ቀን በኋላ...

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22
ያንኑ ጽሑፍ እንደገና አነበብኩ። አንድ መስመር ዘልዬ ነበር። ቁልፍ ሲዞር መብራቱ ለጥቂት ሰኮንድ በርቶ መጥፋት አለበት።
ወጥቼ አዞርኩ። የዘይቱ በራ። የባትሪው በራ። የኤርባጉ... ምንም። ደግሜ አዞርኩ። ምንም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23
ምስክር አልደበቀኝም። ዳሽቦርዱን ፈትቶ አምፖሏን ነቅሏታል።
"ጋሼ ጀብሪል፣ ሥራልኝ መች አሉኝ? አጥፋልኝ ነው ያሉኝ። ሰዉ ሁሉ እንዲያ ነው የሚያሠራኝ።"
እውነቱን ነው። ኤርባጉን ግን ፈትቶ ማየት እንደማይደፍር ነገረኝ፤ እጁ ላይ ቢፈነዳስ? አምፖሏን ከመሳቢያ አወጣት። ልመልሳት ወይስ እንዲሁ ይሻላል ብሎ ጠየቀኝ። ከመለሳት ፊርደውስ ታያለች።
መልሳት አልኩ። በራች። አልጠፋችም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24
ለፊርደውስ ነገርኳት። እቴቴ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።
"ከኋላ ብቀመጥ ይሻላል?"
"የሚሻል ይመስለኛል።"
"ስድስት ሰዓት እያስመለሰኝ?"
ከሰዓት ጤና ጣቢያ ሄጄ አምቡላንስ ጠየቅኩ። አምቡላንስ ለምጥ እንጂ ለቀጠሮ አይወጣም አሉኝ። መንታ ነው፣ ኦፕራሲዮን ነው ብዬ ለመንኩ። አልታየች የምትባለው አዋላጅ ማመልከቻውን ራሷ ጻፈችልኝ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ለሥራ መስክ ወጥተዋል። የሚወስኑት ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28 ነው። ከዚያ ለቀጠሮዋ ስድስት ቀን ይቀራል፤ እምቢ ካሉ በዚችው መኪና ነው የምንሄደው።